የወፍጮዬ ሞተር ቅርጫ

ከደሴ በወጣሁበት ማለዳ ጭጋጉ የጦሳን ተራራ ውጦት ነበር። ባለቤቴ ዘነበች ስንቅ ቋጥራ፣ ልጆቹን ከኋላዋ ደርድራ ቆመች። «ወፍጮህ መፍጨት ይጀምርና ትምህርት ሲዘጋ እንመጣለን። ሳይጀምር ግን ልጆቼን ከቤታቸው አልነቅልም» አለችኝ። እኔም ልጅ ያለ አባት ማደግ እንደሌለበት በሰፊው መክሬያት ወጣሁ። የምሄደው እኔ ራሴ መሆኔ ትዝ ያለኝ አውቶቡስ ውስጥ ነው።

በደርግ ጊዜ አሶሳ አጠገብ የሰፈሩት የወሎ ዘመዶቼ ናቸው የጠሩኝ። «ክልል ሆነናል፤ ቢሮው በየማንጎው ሥር ተከፍቷል፤ እህላችንን የሚፈጭ ግን የለም» ብለው ላኩብኝ። እናንተ ደሴ ያላችሁ፣ ጋቢ ስትደርቡ አስቡኝ። እዚህ ጋቢ የሚደርብ የታመመ ሰው ብቻ ነው። የማንጎ ፍሬ ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ ሌባ መጣ ብዬ ዱላ ይዤ እወጣለሁ። ቤት አከራዬ ሼህ ኢድሪስ የአገሩ ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ናቸው፤ በረንዳቸው ላይ ሆነው ይስቁብኛል። «ያ አኹይ፣ ወንድሜ! ማንጎ ነው። ዱላ ተው፣ ሳህን ይዘህ ና!»

ባንኩ ለሞተሩ ብድር ለመስጠት «መጀመሪያ ኢንሹራንስ አስገባ» አለኝ። የኢንሹራንሱ ወኪል ታረቀኝ የሚባል፣ በዚያ ሙቀት ክራባት የሚያስር የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ደንበኛ ፍለጋ መንደራችን መጥቶ ሕዝብ ሰበሰበ። «ሁሉም ትንሽ ትንሽ ያዋጣል፤ ጉዳት የደረሰበት ይካሳል» ብሎ አስረዳ።

የቅሬያችን ዳኛ አባ ይማም ብድግ አሉ። ቅሬ የምንለው ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ነው። «ይሄማ ቅሬ ነው!» አሉ።

ታረቀኝ ደስ አለው። «አዎ አባቴ፣ የንብረት ቅሬ በሉት» አለ። ይህችን ባይናገር ኖሮ ስንት መከራ ይቀርለት ነበር።

ውሉን ፈርሜ በብድሩ ሞተሩን ገዛሁ። ወፍጮው ፈጨ፤ ዘነበችም ዕቃ መሸከፍ ጀመረች። ትምህርት ሊዘጋ ሲል ሞተሩ ቤቱን በጭስ ሞላውና ቀጥ አለ። ውስጡ ተቃጥሏል። መንደሩ ምንጣፍ ዘርግቶ፣ ንፍሮ ቀቅሎ ግቢዬ ተቀመጠ። ታረቀኝ በማግስቱ በብስክሌት መጣ።

«ትናንት የት ነበርክ?» አሉት አባ ይማም።

«ዛሬ ነው የሰማሁት፣ አባቴ።»

«የቅሬ ሰው ጥሩምባ ሲነፋ ይሰማል። ቅጣት አለብህ። ድንኳኑስ?»

«እኛ ድንኳን የለንም። ኩባንያ ነን።»

«ድንኳን የሌለው ኩባንያ ለቀስተኛ የት ያስቀምጣል?»

ንፍሮ አስጨብጠው ከሽማግሌዎቹ መሃል አስቀመጡት። ክራባቱን አላልቶ፣ «ውሉ የሚሸፍነው እሳትን ነው። ነበልባል ታይቷል?» ሲል ጠየቀ።

«እኔ ጭስ አየሁ። እሳቱን አላህ አይቷል» አሉ ሼህ ኢድሪስ።

«እሱን በምስክርነት ማስመዝገብ አልችልም፣ ሼህ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። አባ ይማም በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። «ትንሽ እንኳ ብልጭ አላለም?»

የዘነበች ሽክፍ ዕቃ ዓይኔ ላይ መጣ። «አላለም» አልኩ።

«ጋሼ፣ ቆይቼ ብጠይቅዎትስ?» አለ ታረቀኝ፣ ሊለምነኝ ትንሽ በቀረው ድምፅ።

«ያኔም አላለም።»

ወገኖቼ፣ በባንክና በኢንሹራንስ ላይ እንዳትስቁ። ባንክ ባይኖር እኔን መሰል ባዶ እጁን የመጣ ሰው ሞተር በሕልሙም አያይም። ቅሬ የሚረዳው ፊቱን የሚያውቀውን ነው፤ ኢንሹራንስ ግን አይቶት ለማያውቀው ሰው ይከፍላል። አገር የሚያድገው የማይተዋወቅ ሰው መተማመን ሲጀምር ነው። ፊትህን የማያውቅ ግን ነበልባል ይጠይቅሃል፤ ደግሞም መጠየቁ ትክክል ነው። እኔን የከፋኝ ትክክል መሆኑ ነው።

አባ ይማም ከምንጣፉ ተነሡ። «የሰው በሬ ገደል ሲገባ ምን እናደርጋለን? ሥጋውን በመደብ እንካፈላለን፤ የምንከፍለው ለባለበሬው ሌላ በሬ መግዣ ይሆናል። ሞተርስ ከበሬ በምን ያንሳል?»

ሞተሩን እዚያው በለቱት። ብረቱን ቅጠል ላይ መደብ መደብ አድርገው ደረደሩት፤ ዕጣም ወጣ። አንዱ ፒስተኑን አንሥቶ «ሻኛው ደረሰኝ!» ብሎ ጮኸ። ሌላው ቡሎን ብቻ ስለደረሰው «ይሄ አጥንት ነው፣ ጮማ ጨምሩልኝ» ብሎ ተጣላ። ለሼህ ኢድሪስ የናፍጣ ጋኑ ወጣላቸው።

«ሐላል ነው?» አሉ፣ እያገላበጡ።

«ከናፍጣ በቀር ጠጥቶ አያውቅም» አሏቸው አባ ይማም።

ታረቀኝንም አልማሩትም። ቅጣቱን ከኪሱ ከፍሎ፣ የደረሰውን የጭስ ማውጫ ቱቦ ብስክሌቱ ላይ አስሮ ሄደ። ክራባቱ የማሰሪያ ገመድ ሆነ።

የተዋጣው ለባንኩ ዕዳ በቃ፤ ለሌላ ሞተር ግን አልተረፈም። ስልክ ቤት ሄጄ ለዘነበች ሁሉንም ሳልደብቅ ነገርኳት። ሳቋ መጣ። ሳቋን ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

«ታዲያ ብንመጣ እህላችንን የት እናስፈጫለን?» አለች።

«ብንመጣ» አለች፤ ያውም ወፍጮ ሳይኖር። ስልኩን ይበልጥ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት። ስልክ ሠራተኛዋ በመስኮቱ ብቅ ብላ «አባባ፣ ሰዓትዎ አልቋል» አለችኝ።

«ጨምሪልኝ» አልኳት። የምለው አልነበረኝም፤ ዘነበች ግን ገና አልዘጋችውም ነበር።