«ተርጓሚዎች» ከሚለው ቃል ሥር

የአሮጌ ኮምፒውተር ክዳን ሲፈታ የሚወጣ ሽታ አለ፤ የሞቀ አቧራ፣ ሊቃጠል የደረሰ ፕላስቲክ፣ ትንሽ ደግሞ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ የሚሸት ዓይነት አፈር። ባለፈው ሳምንት ከመጋዘን ያወጣሽልኝን ማሽን ስከፍት ያ ሽታ መጣብኝና ደሴ መሆኔን፣ አብረን በምንሠራበት ቢሮ ውስጥ መሆኔን፣ አንቺም አጠገቤ ቆመሽ እያወራሽኝ መሆኑን ረሳሁት። ለጥቂት ጊዜ ላሊበላ ነበርኩ፤ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ። የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ በተሰበረው መስኮት ገብታ ቀዩን አቧራ አየር ላይ እያሳየችኝ ነበር።

አንድ ነገር ጠይቀሽኝ ነበር። ክፍት የሆነ፣ ማንም ሊያየውና ሊያስተካክለው የሚችል ሶፍትዌር እያለ ሌላ አልጭንም ማለቴ፣ ደግሞም ፕሮግራም በከፈትሽ ቁጥር መጀመሪያ የሠሩትን ሰዎች ስም ማየቴ ምን የሚሉት አመል ነው ብለሽኝ ነበር። ያን ዕለት ስቄ አለፍኩት። አሁን ልንገርሽ።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሃያ ኮምፒውተሮች ነበሩ፤ የሚነሡት ግን ስምንቱ ብቻ ናቸው። የተጫነባቸው ሥርዓት ከሲዲ ሲዲ ሲገለበጥ የኖረ፣ መጀመሪያ ከማን እንደመጣ የማይታወቅ ነበር። እኛ በነፃ ያገኘነው ይመስለን ነበር። ነፃ አልነበረም፤ የተሰረቀ ነበር። የተሰረቀ ነገር ሲበላሽ ደግሞ ወዴት ይዘሽው ትሄጃለሽ? ያን ጊዜ የከተማው ፍላሽ በሙሉ ታሞ ነበር ማለት እችላለሁ። አስጎብኚው የጻፈው፣ የጽሕፈት ሱቁ የተየበው፣ የትምህርት ቤታችን ፈተና ሳይቀር በቫይረስ ይጠፋ ነበር። መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ስለ ጤና ከተጠያየቀ በኋላ «ፍላሽሽስ ዳነ?» ይባባል ነበር።

የኮምፒውተር መምህራችን የሙጃ ልጅ ነበር። ገና ወጣት፣ ቀጭን፣ የደጋ ሹራቡን በሙቀት እንኳ የማያወልቅ ሰው ነው። አንድ ጊዜ ደሴ ሄዶ ሲመለስ ሲዲ ይዞ መጣና ከስምንቱ በአምስቱ ላይ ሊኑክስ የሚባለውን ክፍት ሥርዓት ጫነ። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሰምተው መጡ። በሩ ላይ ቆመው ያሉትን አስታውሳለሁ።

«ተማሪው ነገ መሥሪያ ቤት ሲገባ የሚጠብቀው ይሄ አይደለም።»

መምህራችን ድምፁን ሳያነሣ «መሥሪያ ቤቱ የሚፈልገው አዝራሩ የት እንዳለ የሸመደደ ሰው ብቻ ከሆነ ልክ ነዎት» አላቸው።

«ከተበላሸ አንተ ነህ የምትጠየቀው» ብለው ሄዱ። አልተበላሸም። ስምንቱን ሲያሠቃይ የነበረው ቫይረስ እነዚያን አምስቱን ምንም ሊያደርጋቸው አልቻለም። እስከ ዛሬ ሰው ያንኑ የምክትሉን ክርክር ሲያመጣብኝ መልሴ የመምህራችን መልስ ነው። የተማረ ሰው የትኛውም ማሽን ፊት ቢቀመጥ ፈልጎ ያገኛል።

አዲሱ ሥርዓት በአማርኛም ይሠራ ነበር። አማርኛው ግን ግማሹ የጎደለ፣ ግማሹ ደግሞ ማንም ሰው ተናግሮት የማያውቅ ነው። ይህን ቀድማ ያየችው ጓደኛዬ ነበረች። የብልባላ ልጅ ናት። ሳምንቱን ላሊበላ ቤት ተከራይታ ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ገብስ በአህያ ጭነው ለገበያ ሲመጡ ስንቋን ያደርሱላታል። አንድ ቀን ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጥያቄ ድምፅዋን አውጥታ አነበበችና «ይሄን የጻፈው ሰው አማርኛ የምታወራ እናት የለችውም?» አለች። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ።

መምህራችን አልሳቀም። «ካልወደድሽው አስተካክዪው» አላት።

«እኔ?»

«ክፍት ነው። የሁሉም ሰው ነው። ያስተካከለ ሰው ደግሞ ስሙ ይገባበታል።»

ይህ ስም የሚለው ነገር ለምን እንደያዛት የገባኝ በኋላ ነው። አባቷ ትምህርቷን እንዳትቀጥል ማሰብ ጀምረው ነበር። ክፉ ሰው አልነበሩም። እናቷ ታማሚ ነበሩ፤ ቤቱ የሰው እጅ ይፈልጋል፤ አባትየው ደግሞ በመጡ ቁጥር «ሁለት ዓመት ከተማ ተቀመጥሽ፤ ምን ያዝሽ ልጄ?» ይሏታል። የምታሳያቸው ነገር አልነበራትም። ደብተር ብታሳያቸው ማንበብ አይችሉም። እናም «አባዬ፣ ስሜ ኮምፒውተር ውስጥ ሊገባ ነው። የኔ ሲገባ የእርስዎም አብሮ ይገባል» አለቻቸው። ይህን ስትነግረኝ ሳቋን መደበቅ አቅቷት ነበር።

ለሁለታችን እንድንተረጉመው የተሰጠን አንድ ቀለል ያለ የመጻፊያ ፕሮግራም ነበር። ከጥቂት መቶ የማይበልጡ አጫጭር ቃላትና ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፤ ሦስት ወር ከሰዓት በኋላችንን በሉት። የማሽኖቹ ማራገቢያ ይንጫጫል፣ ከቆርቆሮው ላይ የእርግብ እግር ይሰማል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ድንገት ጸጥ ይልና በወረቀት ላይ እንቀጥላለን። እኔ የክፍሉ አንደኛ ነበርኩ፤ እንግሊዝኛውን የማነበው፣ የምተይበው እኔ ነኝ። ቃሉን የምታመጣው ግን እሷ ነበረች።

ገና ርዕስ ያልተሰጠው ጽሑፍ ሲከፈት ከላይ የሚወጣውን ቃል እኔ «ያልተሰየመ» ብዬ ነበር። እሷ «ስም ያልወጣለት» አለች። «ሕፃን ከመጠመቁ በፊት እንዲህ አይደል የሚባለው?» ሐሳቡን የለወጠ ሰው የሚጫነውን አዝራር ደግሞ እኔ «ሰርዝ» አልኩ። እሷ እንቢ አለች። «ሰርዝ ያስደነግጣል። እናቴ ብታየው የጻፈችው ሁሉ የሚጠፋ ይመስላታል። ሰው ሐሳቡን ሲለውጥ ‘ተወው’ ነው የሚለው።» ተወው ሆነ።

ትልቁ ክርክራችን ግን ማሽኑ ሰውን ምን ብሎ ይጥራው የሚለው ነበር። አንድ ሙሉ ሳምንት ተሟገትን። እኔ ሁሉንም በ«አንተ» ልጨርሰው ፈልጌ ነበር፤ ያጥራል። እሷ ወንበሯን ወደኋላ ገፍታ፣ እጇን አጣጥፋ ፈረደች።

«እኛ ስናዘው አንተ እንበለው። እሱ ሲጠይቀን ግን አንቱ ይበለን። አባቴ ቢቀመጡበት ይሄ ሳጥን አንተ ሊላቸው ነው?»

መምህራችን ይህን ሲሰማ ጠመኔውን አስቀመጠና በዩኒቨርሲቲም እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም አለ። እኔ ሥራ የበዛባት መስዬ ወደ ስክሪኑ ዞርኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀናሁ። አንደኛ የምወጣው እኔ ነኝ፤ የሚደነቀው ግን ከገብስ ማሳ ይዛው የመጣችው አማርኛ ነበር።

ሥራው ባለቀበት ሳምንት እናቷ ጠናባቸውና ሰኞ ዕለት ወደ ብልባላ ሄደች። ሐሙስ መምህራችን ጠራኝ። በማግሥቱ ለስብሰባ ደሴ ይሄዳል፤ ፋይሉን ከዚያ በኢንተርኔት ይልከዋል። «የተርጓሚዎቹን ስም ከታች ጻፊና ፍላሹን አምጪልኝ» አለኝ።

ሁለታችንንም ጻፍኩ። በፊደል ተራ የሷ ከላይ፣ የኔ ከታች ሆነ። ትንሽ አየሁት። ቦታ ለወጥኩና የኔን ከላይ አደረግኩት። እንደዚያም ሆኖ አልተመቸኝም። ከዚያ የሷን ፊደል በፊደል አጠፋሁት። ሲጠፋ የሚያሰማው ድምፅ የለም፤ የቁልፉ ቀጭ ቀጭ ብቻ ነበር። ሳላስበው አላደረግኩትም። ሁለት ጊዜ ልመልሰው አስቤ ሁለት ጊዜ ተውኩትና ፍላሹን ወስጄ ሰጠሁት።

ትርጉማችን የገባበት አዲሱ የፕሮግራሙ ቅጂ እኛ ጋ የደረሰው ከስንት ወር በኋላ ነው። መምህራችን የሚያውቀው ሰው ከሚሠራበት ሆቴል በኢንተርኔት አወረደውና ዓርብ ማታ ጫነው፤ ስሞቹ ያሉበትን ገጽ አልከፈተውም። ለጓደኛዬ «ነገ አባትሽን ከገበያ ይዘሻቸው ነይ» አላት። እኔ ይህን ሰምቻለሁ። ልነግራት አንድ ሙሉ ሌሊት ነበረኝ። አልነገርኳትም።

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ መጡ። አባትየው ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው፣ የጋቢያቸውን አቧራ አራግፈው፣ ቤተ ክርስቲያን እንደሚገባ ሰው ቀስ ብለው ገቡ። መምህራችን ወንበር አቀረበላቸው፤ አልተቀመጡም። «ስለ ፕሮግራሙ» የሚለውን ገጽ ከፈተና «ተርጓሚዎች» ከሚለው ቃል ሥር ያለውን ማንበብ ጀመረ። ስሜን ከነአባቴ አነበበ። ቆመ። ወደ ታች ወረደ። ሌላ አልነበረም።

«ይሄ የማን ነው?» አሉ አባትየው።

«የኔ ነው፣ አባባ» አልኩ።

«አባትሽን አውቃቸዋለሁ። ደህና አናጢ ናቸው።» አንገታቸውን ወደ ስክሪኑ ዘንበል አድርገው ይጠብቁ ነበር። ቀጥሎ የሚነበብ ያለ መስሏቸው ነው።

ጓደኛዬ ስክሪኑን አላየችም። እኔን ነበር የምታየው። «ረስቼው ነው» አልኩ። ድምፄ ጥርት ብሎ ነው የወጣው፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።

መምህራችን «ይስተካከላል አባቴ፣ ክፍት ነው፤ ቀጥሎ በሚወጣው ይገባል» አላቸው። «እሺ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፤ እኔንም አመሰገኑኝ። እሷ «አባዬ፣ እንሂድ፤ ገበያው ሊበተን ነው» አለቻቸው። ዱላቸውን አቀበለቻቸው። በግቢው የጥድ ዛፎች መካከል ጎን ለጎን ሲሄዱ በመስኮቱ አየኋቸው።

ከዚያ በኋላ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሰላም ትለኛለች፤ ሌላ ነገር አትለኝም። ዓመቱን ጨረሰች። መስከረም ላይ ግን አልመጣችም። በእኔ ምክንያት ብቻ ነው አልልም፤ የእናቷ ሕመምም ነበር። በእኔ ምክንያት አይደለም ማለትም አልችልም። መምህራችን በዚያው ክረምት ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተቀየረ፤ የሚያስተካክለው ሰው ጠፋ። ማለቴ፣ ማስተካከል የምችል እኔ ነበርኩ።

ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ሙያውን ተማርኩ፣ እንደምታዪው ኖርኩበት። ሰው ሲጠይቀኝ ክፍት ሶፍትዌርን የምወደው ርካሽ ስለሆነ፣ ቫይረስ ስለማይበዛበት ነው እላለሁ፤ ሁለቱም እውነት ነው። ዋናው ግን ሌላ ነው። ክፍት በሆነ ሥራ ላይ የተደረገ ለውጥ ሁሉ ይመዘገባል፤ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ቃል እንደለወጠ። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ያንን መዝገብ ፈልጌ ከፈትኩት። የሐሙሱ ፋይላችን እዚያ ነበር። ስም ያልወጣለት፣ ተወው፣ አንቱ፣ ሁሉም የሷ ቃላት። ከሥራቸው የኔ ስም ብቻ። የተዘጋ ሥራ ቢሆን ኖሮ ማንም አያየውም ነበር፤ እኔም እየቆየሁ እውነትም ረስቼው ነበር እል ነበር።

ስሟን ከነአባቷ የያዘ አንድ መስመር ጨመርኩ። የለውጡ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ ላይ «በእኔ ጥፋት የተዘለለ ስም» ብዬ ጻፍኩ። በማግሥቱ፣ ሩቅ አገር ያለ የማላውቀው የፕሮግራሙ ኃላፊ ምንም ሳይጠይቅ አጸደቀው። ለመጻፍ አንድ ደቂቃ አልፈጀም።

ከዚያ ላፕቶፔን ይዤ ብልባላ ሄድኩ። ገበያው ዳር ትንሽ ሱቅ አላት። ጣሪያው ላይ የፀሐይ መብራት ሰሌዳ አለ፤ የሰው ስልክ ቻርጅ ታደርጋለች፣ ካርድ ትሸጣለች፣ ማንበብ የጀመሩ ሴቶች ስልካቸውን ወደ አማርኛ እንድትለውጥላቸው ይዘው ይመጣሉ። ስታየኝ ወዲያው አወቀችኝ። «አንቺ ነሽ? ከስተሻል» አለችና በርጩማ አቀረበችልኝ።

ምን ልል እንደመጣሁ ነገርኳት። የቻርጀር ገመድ እየጠቀለለች ሰማችኝ።

«ረስቼው ነው ያልሽው ውሸት መሆኑን ያኔም አውቄዋለሁ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«አባዬ ግን አምነውሽ ነበር። መንገድ ላይ ‘ልጅ ናት፣ ብትረሳ ምን ይገርማል፣ አትቀየሚያት’ አሉኝ።» ገመዱን አስቀምጣ «ካረፉ ሦስት ዓመታቸው ነው» አለች።

ላፕቶፑን ከፍቼ ገጹን አወጣሁላት። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ወደ ራሷ አዞረችው። ፀሐዩ ስክሪኑን ስለወጋው በነጠላዋ ጥላ አደረገችለት፤ ሁለታችንም ከጥላው ሥር አጎነበስን። ስሟን አየችው፤ ጣቷን ከሥሩ አድርጋ አለፈችው። ቀጥሎ ያለውን፣ የአባቷን ስም ብቻ፣ ድምፅዋን አውጥታ ቀስ ብላ አነበበች። ከዚያ አንድ ጊዜ ደገመችው።