ጭድ የገባበት ልስን

ቀልደኛ ነበርሁ፤ ቀልዴም ሁልጊዜ ከበታቼ ባለ ሰው ላይ ነበር።

በደርግ ጊዜ ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ ለጦሩ የጥይት ማከማቻ የሚሆን ዋሻ ሲቆፈር እኔ የጣሪያው ፈታኝ ነበርሁ። ጣሪያው እንዳይናድ ረጃጅም የብረት ችንካር ወደ አለቱ ይመታል፣ በችንካሩ ላይ የሽቦ መረብ ይወጠራል፣ መረቡ በሲሚንቶ ይለሰናል። ሦስቱ ተያይዘው ካልሠሩ አንዱ ብቻውን ዋጋ የለውም። ከዚያ እኔ ከደጅ ሆኜ፣ ከመረቡ በታሰረ የብረት ገመድ ጣሪያውን በክሪክ ቁልቁል እስበዋለሁ፤ ስበቱን ከቻለ ሰው ይገባበታል።

ለልስኑ ከገበሬ ማኅበር የተላኩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ በአገሩ ግድግዳ በመምረግ የታወቁ፣ በእጃቸው የሚኮሩ ሰው። ሲሚንቶውን በጣታቸው አሽተው ጭድ አይገባበትም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ሥራ በዝቶብኝ ተናድጄ ነበር።

«ይግባበት እንጂ አባቴ» አልኋቸው፤ «ቅቤም ካለዎት ጣል ያድርጉበት።»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን የተማረ ሰው በሥራ ይቀልዳል ብለው አላሰቡም። ቅቤውን ትተው የጤፍ ጭድ አስመጡ።

ከሳምንት በኋላ ልስናቸውን በመዶሻ ብመታው እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። አጠገቤ የነበረው ካድሬ ጭዱን ከመሬት አንሥቶ አየና አሻጥር ነው አለ። ሽማግሌው ወደ እኔ እያመለከቱ፣ እሱ ፈቅዶልኝ ነው አሉ። ካድሬው ዞሮ ጠየቀኝ። አዎ ብል ይተርፉ ነበር። አሻጥረኛ የተባለ ሰው የት እንደሚደርስ ስለማውቅ ፈራሁ።

«እኔ አላልሁም» አልሁ።

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩኝ። «እንግዲህ ጆሮዬ ይሆናል ልጄ» አሉ።

ካድሬው እሳቸው ከልስኑ ሥር ቆመው ሥራቸው ይፈተን ብሎ አዘዘ። ጋቢያቸውን አጣፍተው ገብተው ቆሙ። ጣሪያው ስበቱን እንደማይችል አውቃለሁ፤ መዶሻው ነግሮኛል። ካድሬው ይተወን ይሆናል ብዬ የክሪኩን እጀታ ጥቂት ገፋሁ። ጨምር አለኝ፤ ጨመርሁ። ልስኑ ተገሸለጠ፣ መረቡ ተቀደደ፣ አለቱ ወረደ።

ሚስታቸው ሬሳውን ሊወስዱ ከጎረቤት ጋር መጡ። ባለቤቴን የጣለው የማን ሥራ ነው ብለው ጠየቁኝ።

«የራሳቸው ልስን ነው እማማ» አልኋቸው።

ቀና ብለው የመጡት ሴት በባላቸው ሥራ አፍረው ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡ፤ ስላደከምናችሁ ይቅር በሉን አሉኝ።