የግንቦት ሱፍ ፍትፍት

አምቦ ውስጥ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት የእኛን ክፍል ሰው ያህል ስለ ጤና የሚያወራ፣ የእኛንም ክፍል ሰው ያህል ለጤናው ደንታ የሌለው አላየሁም። ግንቦት ላይ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲግል አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሰውነት ያቀዘቅዛሉ ስለሚባሉ ምግቦች የሚያወራ ቪዲዮ ይከፍታል። ሐብሐብ ብሉ፣ ቅባት ቀንሱ ይላል፤ ሁሉም ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል። ስድስት ሰዓት ሲሆን ተያይዘው ይወጡና ከሰል ላይ የሚንጫጫ ሸክላ ጥብስ ከበው፣ ላባቸውን በሶፍት እየጠረጉ ይበላሉ። ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛ ላይ ተደፍተው ያንኮራፋሉ። በጠዋት ከጉደር የተነሳው ገበሬ ፋይሉን ይዞ አግዳሚው ላይ ይጠብቃል።

እነዚሁ ሰዎች ግን በዐቢይ ጾም ሌላ ሰው ነበሩ። ከመሥሪያ ቤቱ አጠገብ አንዲት ሴትዮ ትንሽ ምግብ ቤት ነበራት። ሱፉን ቀቅላ፣ ወቅጣ፣ በቀዝቃዛ ውሃ በጥብጣ በንጹሕ ጨርቅ ታጠልለዋለች፤ እንጀራ ፈትፍታበት ቃሪያና ሽንኩርት ጣል ታደርግበታለች። የማይጾሙት እንኳ ይሰለፉላት ነበር። ያን በልቶ የተመለሰ ሰው እስከ ማታ አያዛጋም።

ፋሲካ ሲመጣ ሱፍ ከምግብ ተራ ተሰረዘ። በዓለ ሃምሳ ነውና ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፤ ስለዚህ ሙቀቱ በበረታበት ሰሞን ሆዳቸውን በጮማ ይሞላሉ። ሱፍ መብላት የድህነት ምልክት ሆነ። ሴትዮዋ ግን ሥጋ ቤት የመክፈት አቅም አልነበራትም፤ የምትኖረውም በዚያው ሙያዋ ስለነበር አላቆመችም።

«ሙቀቱ እኮ ጾም አልፈታም» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። በየቀኑ እየሄድኩ እበላ ጀመር፤ የምበላው ግን ጓዳ ውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ነበር። «እዚህ ይሻለኛል፣ ነፋሻ ነው» ብዬ የለመንኳት እኔው ነኝ። ጓዳው ውስጥ ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም።

አንድ ቀን እዚያ ተቀምጬ ስበላ ባልደረቦቼ ለስላሳ ሊጠጡ ገቡ። አንዱ የፍትፍቱን ክዳን ሲያነሳ ተሰማኝ።

«ማል ታቴ? ምን ነካሽ? ፋሲካ እኮ አለፈ!» አላት። «አሁን ይኼን ማን ይበላልሻል?»

ሌላው «ጥጃ አላት መሰለኝ» አለና ተሳሳቁ።

የሴትዮዋ ጥላ ወደ መጋረጃው ዞር አለ። እኔን እየጠበቀች እንደነበር ገብቶኛል። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነኝ፤ ሳህኔን ይዤ ብወጣ ግማሾቹ ወዲያው አብረውኝ ይቀመጡ ነበር። ሰው እንዲህ ነው፣ አለቃው የበላው ይጣፍጠዋል። እኔ ግን የጎረስኩት እንዳይሰማ ማላመጤን አቆምኩ። ስንቱን በፈሪነቱ የሰደብኩ ሰውዬ፣ ከአንድ ጨርቅ ጀርባ ትንፋሼን ዋጥኩ።

«ማንም» አለቻቸው።

በማግስቱ ስሄድ ሱፍ የለም። ለምን ብዬ ስጠይቃት ከዕቃ አጠባዋ ቀና እንኳ አላለችም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ሲበሉት ያፈሩበትን እኔ ምን ብዬ ልሽጠው?» አለችኝ።

ሰኔ ሳይገባ ቤቱን ዘጋች። ባልደረቦቼ ለምን እንደዘጋች ሲጠይቁኝ፣ አላውቅም አልኳቸው።