ሲሲና ሚሊ ሊትር

የልጅ ልጄ ሽሮፕ ሲከፈት ጣፋጭ ሽታው ልጅነቴን ያስታውሰኛል። ቢቸና ሳለን ታናሽ ወንድሜ ትኩሳት ያዘው። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሽሮፕ ሰጥቶን «አምስት ሲሲ ስጡት» ብሎናል፤ ጠርሙሱ ላይ ደግሞ «አምስት ሚሊ ሊትር» የሚል አነበብሁ። ቅኔ አዋቂው አያቴ ሁለቱንም ይጠጣ አሉ።

«አባባ፣ ሲሲና ሚሊ ሊትር እኮ አንድ ናቸው! ትምህርት ቤት ተምረናል። እጥፍ ልትሰጡት ነው!»

«ዝም በይ አንቺ! ስሙ ሁለት ከሆነ ምሥጢሩም ሁለት ነው።»

ያን መልሳቸውን ዛሬም አልተቀበልሁትም።

እናቴ በመጀመሪያው አምስት ላይ ሁለተኛውን አጠጣችው። ብዙም ሳይቆይ የወንድሜ ልቅሶ ቆመ።

«አየሽ፣ ተኛ» አሉኝ አያቴ።

ወንድሜን በስሙ ጠራሁት፤ ዓይኑን አልገለጠም። ጆሮዬን ደረቱ ላይ ለጥፌ ትንፋሹን መቁጠር ጀመርሁ።