ከፎቶው የተቀዳ ቀሚስ

የከሰል ካውያ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያርፍ የሚወጣውን ሽታ ታውቂዋለሽ? ዛሬ በአንድ ልብስ ሰፊ በር ሳልፍ ሸተተኝና ባለሁበት ቆምኩ። ልቤ ግን ያደግኩባት ጎባ ገብቶ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ልትዳር ነው። ቬሎ መከራየት አልፈለገችም። ሳሎናችን ውስጥ የቅድመ አያታችን ፎቶ ተሰቅሎ ነበር፤ ባቡር አዲስ አበባ በገባ ሰሞን የተነሳችው። የለበሰችው የፈረንጅ ቀሚስ አንገቱ እስከ አገጯ ይደርሳል፣ እጅጌው ትከሻዋ ላይ ተነፍቷል፣ ወገቡ ጥብቅ ያለ ነው።

«እሱን ነው የምለብሰው» አለች እህቴ።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ፣ አዴ የምንላቸው ሙስሊም ሴት፣ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ወስደው ብዙ አዩት። «ጀርባዋን አያሳይም» አሉ። «እሱን እኛው እናውቅበታለን፣ ኢንሻአላህ።»

እህቴ ሲናና ወረዳ ትሠራ ስለነበር የምትመጣው እሑድ እሑድ ብቻ ነው። ቁመናችን አንድ ስለሆነ ቀሚሱ በእኔ ላይ ይለካ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከተራራው ወርዶ መስኮቱን ሲሸፍነው፣ እኔ በዚያ ነጭ ጨርቅ ውስጥ እቆም ነበር። አዴ ስፒል በከንፈራቸው ይዘው ይዞሩኛል። «ሱታ፣ ሱታ» ይሉኛል፤ ቀስ በይ ማለታቸው ነው። መስታወቱ ውስጥ የቆመችው ልጅ እኔን አትመስልም ነበር። አሁንም አንዳንዴ በሕልሜ አያታለሁ።

ሠርጉ ሲቃረብ እህቴ መጥታ ለበሰችው። ወገቡ አልዘጋ አለ። አዴ ቁልፎቹን እንደያዙ ቀና ብለው አዩዋት፣ እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«አዴ… አክስቶቼ እንዳይሰሙ» አለች በቀስታ።

አዴ መዳፋቸውን ሆዷ ላይ አሳረፉ። «አይዞሽ፣ ልጄ። አላህ የሰጠው ነው።»

ከዚያ ተቀምጠው ወገቡን ፈቱት። ከጀርባ ጨርቅ ጨመሩበትና ከትከሻ እስከ ተረከዝ ሽንሽን አድርገው ለቀቁት። እህቴ ስትራመድ ነፋስ የገባበት መጋረጃ ይመስል ነበር።

በሠርጉ ዕለት አክስቶቻችን ሽንሽኑን እየዳሰሱ «ይሄንን ደግሞ ከየት አመጡት?» አሏቸው።

«ከፎቶው ነዋ» አሉ አዴ፣ ፈገግ ብለው።

ሙሽራው ወደ ሮቤ ሊወስዳት መኪናው በራችን ቆመ። እህቴ ከመግባቷ በፊት አቀፈችኝና፣ በዚያው ጠዋት እሷው የሠራችኝን ሹሩባ በጣቶቿ ነካካችው።

«ከእንግዲህ ፀጉርሽን ማን ይሠራሻል?» አለችኝ።

ያንን ሹሩባ እስኪንጨበረር ድረስ ሳልፈታው ከረምኩ።