የቆላዋ ሴትና ነጩ ዘንዶ

ልጆቹ ጠየቁኝና ነው የማወራው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እዚህ ካናዳ ወደ ሰፈራችን ወደ ስካይቪው ራንች ስንመለስ፣ የልጄ ልጅ መኪና ውስጥ፣ «እማማ፣ እዚሁ ካልጋሪ ጄይል ገብተው ነበር? ሲሪየስሊ?» አለችኝ። ገብቼ ነበር። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እናገራለሁ፣ እናቷ ትጽፋለች።

ኦይሉ፣ ነዳጁ ማለቴ ነው፣ የጦፈበት፣ ከተማው ሠራተኛ ያጣበት ዘመን ነው። በአገሬ በፖለቲካ ታስሬ ወጥቼ፣ አረብ አገር ሰው ቤት ሠርቼ፣ በሌላ ሰው ፓስፖርት እዚህ አየር ማረፊያ ብደርስ ያዙኝ። ክፍሉ ነጭ ነው፤ የወለል ማጽጃ ይሸታል። ከአገሬ እስር ቤት ጋር ሳስተያየው ሆቴል ነው። በሩ ሲዘጋ ግን ድምፁ ያው ነው። በጠባቧ መስኮት የሕንፃ ክሬን ብቻ ይታያል።

አንዲት ሴት ቀድማኝ ነበረች። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ቀጭን፣ የቡታን ሰው ነኝ የምትል። ቡታን ንጉሥ ያላት፣ የቡድሃ መነኮሳት የበዙባት፣ ተራራማ አገር ናት። እሷም አረብ ቤት ሠርታለች፤ በማድ ቤት አረብኛ ተግባባን።

አንድ ቀን ከጥያቄ ተመልሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ምን አሉሽ?»

«ባንዲራው ላይ ያለው ዘንዶ ለምን ነጭ ሆነ አሉኝ። በጥፍሩ የያዘው ምንድነው አሉኝ። የአገሩ አበባ ምንድነው አሉኝ።»

«አንቺስ?»

«አላውቅም አልኩ። እንግዲያው ቡታን አይደለሽም፣ ፓስፖርትሽ የኔፓል ነው፣ ወደዚያው ትመለሻለሽ አለኝ መርማሪው።»

ፓስፖርቱንማ ገዝታው ነው። ከአገሯ ተባርራ ስንት ዓመት በኔፓል የስደተኛ ጎጆ ኖራለች።

ደሜ ፈላ። የትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠችን ሴት! አበባው እኮ በረዶ ያለበት ተራራ አናት ላይ የሚበቅል ሰማያዊ አበባ ነው አሉ። እሷ ብርቱካን የሚያፈራ ቆላ ነው ያደገችው። የቆላን ሰው በደጋ አበባ ይፈትናሉ? እኔንስ ያ የድሮው አንበሳ ዘውዱ ስንት ጫፍ አለው ቢሉኝ፣ አገር የለሽም ሊሉኝ ነው?

«በጥፍሩ የያዘው ዕንቁ ነው ብሎ እሱው ነገረኝ» አለች። «እኔ የማውቀው ቤቴን እንደያዘ ነው።»

ከዚያ ነገረችኝ። የእሷ ወገን እንደ ህንዶቹ ሳሪ ለባሽ ነው፤ ቋንቋውም ሌላ። ሁሉም የደጋውን ልብስ ይልበስ ተብሎ ታወጀ። ገበያ ስትሄድ በሳሪዋ ያዟት። እስር ቤት ውስጥ በጥፊ እየመቱ ያንን ልብስ አስጠቀለሏት፣ አስፈቷት፣ እንደገና አስጠቀለሏት። በኋላ ደግሞ ዜጋ አይደላችሁም ብለው ከነቤተሰቧ አባረሯት።

«እና አለባበሱን እጅሽ ያውቀዋል?» አልኳት።

«እጄማ መች ይረሳል። ግን ዳግመኛ አልለብሰውም ብያለሁ።»

«ለአንድ ጠዋት ልበሺው፣ እህቴ።»

በነጋታው መርማሪው ሊወስዳት ሲመጣ፣ የአልጋዋን ብርድ ልብስ ለብሳ ቆማ ጠበቀችው። ጫፉን ይዤላት፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጠቅልላ፣ ፊት ለፊት አጥፋ፣ ወገቧን በፎጣ ጥብቅ አድርጋ አስራለች። መርፌ ቁልፍ ስለማይፈቀድ ትከሻዋ ላይ በፕላስቲክ ማንኪያ እጀታ ወጋነው።

አብራው የመጣችው ዘበኛ ሳቀች። «ፓርቲ አለ እንዴ? ብርድ ልብስ ከክፍል አይወጣም!»

የእኔ እንግሊዝኛ ያኔ አሥር ቃል አይሞላም፤ ክልከላው ግን ገባኝ። ጣቴን ወደ መርማሪው ፋይል ቀስሬ፣ «ፍላግ ኖ!» አልኩ። «ድሬስ ዬስ! ሉክ!» ባንዲራውን ተወው፣ ልብሱን እይ ማለቴ ነው። የቡታኗ ሴት ቀስ ብላ ዞራ ጀርባዋን አሳየችው፤ መልሳ ዞረችና ዓይኑን አየችው።

ሰውዬው ፋይሉን ገለጠ። በዚያው ልብስ ያለች ሴት ፎቶ አየ፣ እሷን አየ፣ ፎቶውን ደግሞ አየ። «ተያት» አላት ዘበኛዋን። ብርድ ልብሷን ሳትፈታ ወጣች።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ለቀቋት፤ እኔም ተከተልኩ። አሁን ኤርድሪ ናት፣ እዚሁ ካልጋሪ አጠገብ። ስንደዋወል ዛሬም በዚያው በማድ ቤት አረብኛችን ነው። ስለ ባንዲራ አናወራም፤ ስለ ጉልበታችን ሕመም ነው የምናወራው።

ይህን ሳስጽፍ የልጄ ልጅ ስልኳን ከፍታ የዘንዶውን ነገር ፈለገችው። መርማሪው ይጠብቀው የነበረውን መልስ ስንት ዓመት ቆይቼ ገና አሁን ሰማሁ። ዘንዶው ነጭ የሆነው፣ በዚያ አገር የሚኖሩ ዘራቸውም ቋንቋቸውም የተለያየ ሕዝቦች ለአገራቸው ያላቸውን ንጹሕ ታማኝነት ለማሳየት ነው።