ሦስተኛ ሳትጠየቅ

አርዲስ ትቬት እንዴት ነሽ ሲሏት ደህና ነኝ ትል ነበር፤ ከተማችን ኤልምዳልም አመነቻት። ማመን ስለሚቀል ነው እንጂ በቤቷ መስኮት ፊቷን ያየ ሰው ደህና አለመሆኗን አያጣውም ነበር።

ዕድሜዋን ሙሉ፣ በረዶው ከጣለ ጀምሮ ሐይቁ እስኪቀልጥ ድረስ፣ ረቡዕ ረቡዕ የቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ወርዳ ድንች ትልጥ ነበር። የረቡዕ ራት የከተማው ሁሉ ነው፤ ያለውም የሌለውም፣ ጸሎት የሚወደውም የማይወደውም አንድ ላይ ይበላል። አብሳዮቹ ደመወዝ የላቸውም። እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ይሳሳቃሉ፣ ይተማማሉ፣ ማን እንደታመመ ይሰማሉ፣ ጨው በዛ አነሰ ብለው ይነታረካሉ። አርዲስ ባሏን በቀበረች ጊዜ ያን ክፉ ክረምት ያሻገራት ይኸው ንትርክ ነው። በእኛ በሰሜን ሚኒሶታ በበረዶው ወራት ቀኑ ቶሎ ይጨልማል፣ መንገዱ ይዘጋል፤ የሚጠብቅህ ሰው ከሌለ ግድግዳው ራሱ እየቀረበህ ይመጣል።

ዘንድሮ የመጀመሪያው በረዶ እንደጣለ የቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ አዳለጣትና ወደቀች። የእጇ አንጓ አበጠ፤ ሌላ ምንም አልሆነችም። ግን በቃ! ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነ። ሚኒያፖሊስ ያለችው ልጇ በስልክ "እማዬ፣ ከቤት እንዳትወጪ" አለቻት። ጎረቤቱ "እረፊ እንግዲህ፣ የድርሻሽን ሠርተሻል" አላት። እረፊ! ጤነኛ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ እረፊ ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ወይም ያውቃል፣ ግን ደግ መባልን ይወዳል።

ያኔ ሮሼል መጣች። የአዲሱ ፓስተር ባለቤት ናት፣ ያደገችው አሪዞና ነው፤ ወጥ ቤቱን የተረከበችው እሷ ነበረች። ደግ ሴት፣ ችኩል ሴት። በሩ ላይ ቆማ፣ "እማማ አርዲስ፣ እጅዎ ሲሻልዎ መጥተው ይረዱናል? መኪና እንልካለን" አለቻት።

የአርዲስ ልብ ዘለለ። አፏ ግን "ኧረ አላስቸግራችሁም፤ ስንት ጎበዝ አለላችሁ" አለ።

በእኛ ዘንድ ይህ እምቢታ አይደለም። ኬክ ቢቆረስልህ፣ ወንበር ቢለቀቅልህ፣ መጀመሪያ አይሆንም ትላለህ፤ ሁለተኛም አይሆንም ትላለህ፤ በሦስተኛው "እንግዲህ ካላችሁ፣ ትንሽ" ብለህ ትቀበላለህ። በመጀመሪያው እሺ ያለ ሰው ሆዳም ይባላል። ሮሼል ይህን ከየት ታውቀዋለች? "ይገባኛል፣ ይረፉ" ብላ ሄደች። በሚቀጥለው ረቡዕ አርዲስ ከአብሳዮቹ ወጥታ፣ ምግብ በየቤታቸው ከሚላክላቸው አቅመ ደካሞች ጋር ተቆጠረች።

ምግቡን የሚያመላልሰው ቨርን ሃውገን ነው፤ በዕድሜ የሚበልጣት ጎረቤቷ።

"ራትሽ መጣ፣ ልዕልት!"

"ምንድነው?"

"ድንችና የተፈጨ ሥጋ። ባለፈው ምን ነበር?"

"ድንችና የተፈጨ ሥጋ።"

"እንግዲያ ይኸ ሌላኛው ነው።"

ምግቡ የሚመጣው ተበልቶበት በሚጣል የአሉሚኒየም ሳህን ነው። ድሮ ለታመመ ሰው ምግብ ሲላክ ከሥሩ የባለቤቱ ስም በተለጠፈበት ትሪ ነበር፤ ትሪውም ባዶውን አይመለስም። ይኸኛው መመለሻ የለውም። አርዲስ ግን አጥባ ትደረድረዋለች፤ መደርደሪያው ሞልቷል።

ክዳኑን ገልጣ ድንቹን በሹካ ገለበጠችው። "ጥቁር ጥቁሩን እንኳ አላወጡለትም! ማነው የላጠው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ። አንቺ ተጠይቀሽ እምቢ አልሽ አሉ።"

"አንድ ጊዜ ነው እኮ የጠየቁኝ!"

"የአሪዞና ሰው ናታ። እዚያ አንዴ ይበቃል መሰለኝ።"

"ታዲያ አንተ አትነግራትም?"

ቨርን ኮፍያውን ጆሮው ድረስ ሳበው። "በሰው ጉዳይ ምን አገባኝ።"

ይኸውላችሁ የእኛ ጨዋነት! ሰው ሲሰጥም ከዳር ቆሞ፣ ጣልቃ መግባት ነውር ነው የሚል ጨዋነት። አርዲስስ ብትሆን? ስልኩ እዚያው ግድግዳው ላይ ነው። ታነሳዋለች፣ መልሳ ትሰቅለዋለች። ሳይለምኑት የሚሄድ ሰው ምን ይባላል?

ብርዱ ከረረ። የበረዶ መጥረጊያው መኪና መንገዱን በጠረገ ቁጥር ክምሩን መውጫዋ ላይ ትቶባት ያልፋል። ለራሷ ማብሰል ተወች፤ ለአንድ አፍ ምን ይበሰላል? ቴሌቪዥኑን ትከፍትና ድምፁን ታጠፋለች። አንድ ቀን ምሳ መብላቷን ማስታወስ አቃታት። ያን ቀን ፈራች። በረዶው ሲቀልጥ እውነትም አቅመ ደካማ ሆኜ ያገኙኛል ብላ ፈራች።

ከዚያ አንድ ረቡዕ ከሰዓት የቨርን መኪና ባትሪ በብርዱ ሞተና፣ ምግቡን ሮሼል ራሷ ይዛ መጣች። አፍንጫዋ ቀልቷል፣ ቦት ጫማዋ ውስጥ በረዶ ገብቷል።

"እማማ፣ ይህን አገር እንዴት ቻላችሁት? ሽፋሽፍቴ ሊጣበቅ ነው!"

"ዛሬ እኮ ሞቅ ብሏል።"

ሮሼል ሳቀች። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጓንቷን መልሳ አጠለቀች። "ሌላ የሚያስፈልግዎ ነገር አለ?"

"ምንም። ደህና ነኝ።"

"እሰይ።" ሮሼል ዞረች። እጇ የበሩን እጀታ ያዘ።

አርዲስ ያንን እጅ አየችው።

"ልጄ!" ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "እንደገና ጠይቂኝ።"

"ምኑን?"

"ያኔ የጠየቅሽኝን። ስለ ወጥ ቤቱ።"

ሮሼል ግራ ገባት። "መጥተው... ይረዱናል?"

"ኧረ እኔ ምን እረባችኋለሁ" አለች አርዲስ፤ ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። የለመደ አፍ! በገዛ አፏ ተናደደች። "አትሂጂ! ገና ነው። አንዴ ደግመሽ ጠይቂኝ።"

ሮሼል ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች። "እማማ፣ ያኔ... እምቢ ማለትዎ አልነበረም?"

"ጠይቂኝ አልኩሽ!"

"ይመጣሉ?"

"እመጣለሁ።"

ወንበሩን ወደ ጎን ገፋችው።

"ደረጃው ግን በረዶ ነው፤ ቢወድቁስ? ልጅዎ ምን ትለኛለች?"

"እወድቅ ይሆናል። ለልጄ እኔው እነግራታለሁ።" መሳቢያ ከፍታ፣ በመሳል ብዛት ስለቱ የቀጠነ ትንሽ ቢላዋ አወጣችና በፎጣ ጠቀለለችው። ካፖርቷን ከመስቀያው አወረደች።

"እኔ እኮ የሚቀጥለውን ረቡዕ ማለቴ ነበር" አለች ሮሼል።

"የዛሬው ድንች ተልጦ አልቋል?"

"አላለቀም፣ ግን..."

"እንግዲያ እጅሽን ስጪኝ።"

መውጫው ላይ ያለው ክምር እስከ ጉልበቷ ይደርስ ነበር። አንድ እግሯን ከተተች፤ ሰመጠ። ከኋላዋ በሩ ክፍት ነው፣ ሙቀቱ እየወጣ ነው፣ ወንበሩ ይታያል።

"እንመለስ እማማ?"

"ሳቢኝ" አለች አርዲስ።